እምባቦ በከረንቡላ ጠረጴዛ ላይ፦ ንጉሡ ሲማረኩ ጨዋታው ያልቃል ወይስ ይቀጥላል?

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
ሰላም ጎበዝ እንዴት ሰነበታችሁ። ለአዲሶች ባጭሩ፣ እኛ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጓደኛችን ከረንቡላ ቤት እየተሰበሰብን የድሮ ጦርነቶችን በትንንሽ ወታደሮች የምንጫወት ሰዎች ነን። ከኋላ ያለችውን ጠረጴዛ ነው የሚሰጠን፣ ወፍራም ላስቲክ እናለብሳታለን (ጨርቋ ላይ ሰጋቱራ ካየ እኛንም ጦራችንንም አንድ ላይ ነው የሚያስወጣን) ከዛ ዳይስ አለ፣ ሜትር አለ፣ ከሁሉም በላይ ንትርክ አለ።

አሁን ጥያቄየ። ግንቦት 30 እየመጣ ስለሆነ ዘንድሮ የእምባቦን ጦርነት እንጫወት ተባብለናል። 1874፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው፣ ምኒልክ ከሸዋ፣ ጉዱሩ መሬት ላይ። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ የኛ ንጉሥ ቆስለው ተማረኩ፣ የጎጃም ጦር ተፈታ። እስካሁን የምንጫወትበት ሕግ ደግሞ ዋናው መሪ ከወደቀ ወይ ከተማረከ ጨዋታው እዛው ላይ አለቀ ነው የሚለው። ባለፈው ስንሞክረው የሸዋው ተጫዋች ሌላውን ሁሉ ትቶ ፈረሰኛውን ሰብስቦ ቀጥታ ንጉሡ ላይ ነዳው፣ ሁለት ዳይስ ጣለ፣ አለቀ። ቡና እንኳን አልፈላም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስቲኪኒ ስቀረጥፍ የከረምኩት ለዚህ ነው እንዴ?? እስቲ መላ በሉ።

አባ_ዳይስ፦
ያ ሸዋ እኔ ነኝ። ሕጉ የፈቀደውን ነው ያደረግኩት፣ እየየ አይቻልም ሃሃሃ

የቡሬው_ልጅ፦
ከነገሩ በፊት፣ ስቲኪኒው ለምንድን ነው?

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
ለጦር ነዋ። አሠራራችን እንዲህ ነው፣ የወታደሩ ስዕል ኮፒ ቤት ወፍራም ወረቀት ላይ በፊትና በጀርባ ይታተማል፣ ተቆርጦ ተጣብቆ ይቆማል። ቆርኪ ይገለበጥና አሸዋ በኮላ ተለውሶ ይሞላበታል፣ ሳይደርቅ ወረቀቱን መሀሉ ላይ መትከል ነው። ክብደት ስላለው በር ሲከፈት ነፋስ አይጥለውም። የጦሩ ዘንግ ስቲኪኒ፣ ጋሻው የሸሚዝ ቁልፍ ሁኖ ቀዳዳዎቹ በኮላ ይደፈናሉ። መኳንንቱን ለመለየት የእህቴን የጥፍር ቀለም ነው የምንጠቀመው፣ ወርቃማው ለለምዱ ጥለት ግሩም ነው። አንድ ቆርኪ መቶ ሰው ነው ብለን ተስማምተናል።

የቡሬው_ልጅ፦
ሸጋ ነው። ቆርኪ ግን ከየት ነው ይኸ ሁሉ?

አባ_ዳይስ፦
ከረንቡላ ቤት እኮ ነው ያለነው ወንድም ዓለም

ባሕር_ማዶ፦
ጎበዝ በዚህ በኩል እኔ ያለሁበት አገር ያለ ክለብ ውስጥ እጫወታለሁ። እዚህ የዓድዋን ወታደሮች በብረትም በፕላስቲክም ያመርቷቸዋል፣ 28 ሚሊም 15 ሚሊም አለ፣ ጎፈሩ ጋሻው ሳይቀር። ውድ ነው ግን፣ በዛ ላይ ለመቀባት የሚፈጀው ጊዜ አይነሳ፣ አንድ ጭፍራ ቀብቼ ስጨርስ ልጄ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። ለእምባቦ ብቻ ተብሎ የተሠራ ስላላየሁ የዓድዋውን ነው ማዋስ። የቆርኪው ነገር ግን አስቀናኝ፣ ፎቶ ለጥፉ።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ መሪ ሲወድቅ ጨዋታ ያልቃል የሚለው ሕግ ለኛ አገር ጦርነት ከሞላ ጎደል ልክ ይመስለኛል። የሚያስጠላው ልክ ስለሆነ ነው።

መምህር_ጠመኔ፦
የባሕር ማዶው ልጅ ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ ቀሪውን ልጨምርበት። ከእምባቦ ወደኋላ ሂዱ። በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ወደቁ፣ የጎጃም ጦር ከዛ በኋላ ጦር አልነበረም። እዛው ዓመት ውስጥ ደግሞ እዚሁ ጎጃም አይሻል ላይ ራስ ዓሊ ሳይሞቱም ሳይማረኩም ሜዳውን ለቀው ሄዱ፣ ያሸነፋቸው ካሣም (ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት) የዘመነ መሳፍንቱን ነገር አበቃለት። በ1881 መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ እያሸነፉ ሳለ ተመቱ፣ የተያዘው ድል እንደ ጉም በነነ። ስለዚህ መሪ ሲወድቅ ጦር ይፈታል የሚለው በደንብ የተፈተነ ነገር ነው።

የሕጋችሁ ችግር ሌላ ነው። ጦሩን አንድ አካል አድርጎ ነው የሚያየው፣ አንገቱ ሲቆረጥ የሚወድቅ። ግን እኮ ወታደሩ የንጉሡ አልነበረም፣ የጌታው ነበር። ግብር የሚያበላው፣ መሬት የሰጠው፣ ፈረስና ጠመንጃ ያስያዘው የራሱ ደጃዝማች ወይ ፊታውራሪ ነው። ንጉሡ ሲማረክ እያንዳንዱ ሹም ኮርቻው ላይ ሁኖ ለብቻው ነው የሚያስበው፦ ልዋጋ፣ ልሽሽ ወይስ ለጠላት ልግባ? ሰውየው የወሰነውን ጭፍራው ይከተላል። በእኔ እምነት ጨዋታው ሞቅ ማለት ያለበት እዚህ ጋ ነው፣ እናንተ ግን እዚህ ጋ ነው ወንበር የምትሰበስቡት።

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
መምህር እግዜር ይስጥልን። እና በዳይስ እንዴት ይሁን ይላሉ? ሹሙ ሁሉ ለየብቻው ዳይስ ይጣልለት?

መምህር_ጠመኔ፦
አዎ፣ ግን እኩል አይደለም። ከጨዋታው በፊት ለእያንዳንዱ ሹም አንድ ካርድ ይሰጠው፣ ተጫዋቹ ብቻ የሚያየው። ካርዱ ላይ ሰውየው ለንጉሡ ምኑ እንደሆነ ይጻፍ፣ የሥጋ ዘመድ ነው፣ አማች ነው፣ አምና ሸፍቶ የታረቀ ነው፣ ርስቱ የተነጠቀ ቂመኛ ነው። ዘመዱ በ2 እና ከዛ በላይ ይዋጋል፣ የታረቀው ሽፍታ 5 ወይ 6 ካላመጣ ይገባል። ተጋጣሚያችሁ ማን ማን እንደሚከዳ ስለማያውቅ ንጉሡን መያዝ ሁሌ አያዋጣውም። የሥጋ ዘመድ የበዛበት ጦር ንጉሡ ከተያዘ በኋላ እንዲያውም ብሶበት ይዋጋል።

አባ_ዳይስ፦
ይኸ ነገር ይመቻል። ግን መምህር ይቅርታዎትን፣ ለጣሊያኖቹም እንዲህ ይሁን? ዓድዋን ስንጫወት አልበርቶኔ ሲማረክ ጨዋታው አለቀ ብለን ዳቦርሚዳ ሳይተኩስ ዕቃ ሰብስበናል

መምህር_ጠመኔ፦
ምን አረጋችሁ! የካቲት 23 ቀን 1888 እኮ አልበርቶኔ ጠዋት ተይዞ ዳቦርሚዳ ማርያም ሸዊቶ በኩል እስከ ከሰዓት ሲዋጋ ነው የዋለው፣ ኋላ እሱም አሪሞንዲም ሞቱ። አራት ብርጌድ ሁነው ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ይዘው እየመጡ አንዱ ብርጌድ የሌላውን ዕጣ አያውቅም፣ ተራራው ለያይቷቸዋል፣ ካርታቸውም የተሳሳተ ነበር። እነሱ ጋ የሚበላሸው ግንኙነቱ ነው፣ እኛ ጋ ታማኝነቱ። ለሁለቱ አንድ ሕግ አታድርጉ።

ጣና_ዳር፦
ሰላም፣ ከባሕር ዳር ነኝ፣ ብዙም አልጽፍም ግን ይኸን ክር እያነበብኩ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ። እኛ ጋ አራት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ነን፣ የምንጫወተው አንዷ ልጅ ሳሎን ነው፣ እናቷ መጀመሪያ አካባቢ ጥንቆላ መስሏቸው ነበር 😂 አሁን ራሳቸው ግራዝማችነት ይዘው ነው የሚቀመጡት።

አንድ ነገር ልበል። እኛ የአሰላለፍ ጭቅጭቅ የፈታነው በሠንጠረዥ (በኛ ቼዝ) ነው። በድሮው የኛ ሠንጠረዥ ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም ተጫዋች እኩል እንደፈለገ ያንቀሳቅሳል፣ የመጀመሪያው ሰው እስኪበላ ድረስ። ወረራ ነው የሚሉት። እኛም ይኸን አመጣነው፣ የመጀመሪያው ተኩስ እስኪተኮስ ድረስ ሁለቱም ጎራ በአንድ ጊዜ ያሰልፋል፣ ያየኸውን አይተህ ትቀይራለህ፣ እሱም ያይህና ይቀይራል። ትርምስ ነው ግን ደስ የሚል ትርምስ። ፊታውራሪውን ከፊት፣ ቀኛዝማቹን በቀኝ፣ ግራዝማቹን በግራ፣ ደጀኑን ከኋላ ማቆም ግዴታ ነው፣ ከዛ ውጭ እንደ እጅህ ፍጥነት። ተኩሱ ሲጀመር ነው ተራ የሚገባው።

አባ_ዳይስ፦
እጁ የፈጠነ ያሸንፋላ

ጣና_ዳር፦
በሳሎኑ እስካሁን ያሸነፉት እማማ ናቸው፣ እጃቸው ደግሞ ሪህ አለበት። ስታይ ብቻ ሳይሆን ሲያዩህ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ አባቴ

የቡሬው_ልጅ፦
እኔ ምለው፣ እምባቦ እምባቦ ስትሉ ዓባይ ተሻግራችሁ ከምትንከራተቱ ምናለ እዚሁ ሰፈራችን የሆነውን ብትጫወቱ? ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ገቡ፣ በጥምቀት ማግስት ማለት ነው፣ ከዛ የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር፣ ጌዴዎን የሚባለው፣ ከበላያ ተራራ ወርዶ ቡሬ መጣ። ሁለት ሺህ የማይሞላ ሰው እኮ ነው፣ ከሱዳኖቹና ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር፣ በዙሪያው ደግሞ አርበኞቹ። ቡሬ የነበረው የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ግን ማን ስንት እንደሆነ አያውቅም። ሌሊት እየተጠጉ ይተኩሱበታል፣ ደግሞ በሌላ በኩል ይተኩሱበታል፣ በመጨረሻ ለቆ ወጣ። ያያቴ ሰፈር ሰዎች እስከዛሬ ሲያወሩት ጣሊያን በጩኸት ነው የወጣ ነው የሚሉት።

ለጨዋታ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምን አለ፣ ቆርኪው ይገለበጣል! በውስጡ ሰው ያለበትና ባዶው አንድ ላይ ይደረደራል፣ ጣሊያኑ ሳይጠጋ አያውቅም፣ ከተጠጋ ደግሞ ይተኮስበታል።

መምህር_ጠመኔ፦
የቡሬው ልጅ ልክ ነው። የካቲት 27 ደምበጫ መዳረሻ ወንዙ ላይ የሆነውንም አትርሱት። የሚሸሸው የናታሌ ጦር በሺህ የሚቆጠር ሁኖ ሲመጣ ሁለተኛው ሻለቃ 300 ገደማ ሰው ይዞ መንገዱ ላይ ቁሟል፣ ሊያስቆመው አስቦ ሳይሆን እንደ አጋጣሚ። ብዙ ሰው ወደቀባቸው፣ ጣሊያኑ በላያቸው አልፎ ሄደ፣ ግን ዋጋ አስከፍለውት ነው ያለፈው። ይኸን ስትጫወቱ የሻለቃው ተጫዋች ማሸነፊያው ማቆም አይሁን፣ ስንት ተራ አዘገየ የሚለው ይሁን። መጋቢት 28 ጃንሆይ ማርቆስ ገቡ።

አባ_ዳይስ፦
ግመሎቹንም አስገቡ ባካችሁ፣ ከሱዳን 15,000 ገደማ ግመል ተነስቶ አብዛኛው መንገድ ላይ ነው ያለቀው ሲባል ሰምቻለሁ። በየተራው ዳይስ ጥሎ 1 የመጣበት ግመል ይሞታል፣ ስንቅ የለም፣ ጥይት የለም

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
ግመል በስቲኪኒ እንዴት እንደሚሠራ የነገረኝ ቡና አለው። ቡሬን ለክረምቱ እንያዘው፣ ዝናብ ሲሆን ሰው ሁሉ ቤት ስለሚውል። ለግንቦት 30 ግን እምባቦ ነው፣ ካርዱን እያዘጋጀሁ ነው።

ሌላ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ሰው ሁሉ ጎጃምን መጫወት ነው የሚፈልገው ግን ጎጃም ይሸነፋል። የምኒልክ የጦር አለቃ የራስ ጎበና ፈረሰኛ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቆመው የለም፣ ሁሌም ያው ነው። ታሪኩን ሳናበላሽ ለጎጃም ተጫዋች ምን ተስፋ እንስጠው?

ያልተመዘገበ_ተጠቃሚ፦
ሲጀመር ሸዋ ማን ስለሆነ ነው

አወያይ፦
እዚህ ጋ እንቁም። የዛሬ ፖለቲካ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ሞልቷል፣ እዚህ ስለ ቆርኪ ነው የምናወራው። ቀጥሉ።

ባሕር_ማዶ፦
ቆርኪ፣ እኔ እዚህ ክለብ ውስጥ የማየውን ልንገርህ። ጦርነቱን ብቻ ከተጫወትክ ተሸናፊው ተሸናፊ ነው። ጦርነቱ የተደረገው ለምን እንደሆነ ከጨመርክበት ግን ሌላ ነው። ፕሩሲያኖች እንኳን ራይስቪትዝ የሚባለው መኮንን በ1824 (በፈረንጁ) የጦር ጨዋታውን ለጄኔራሎቹ ሲያሳይ መሀል ላይ ዳኛ ነበረው፣ ሁሉን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። እናንተም መሀል ላይ ሰው አስቀምጡ። የኛ ታሪክ ደግሞ ዳኛውን ራሱ ሰጥቷችኋል።

መምህር_ጠመኔ፦
ዐፄ ዮሐንስ!!

እንዴት እኔ ሳላስበው ቀረ አንተየ። ራስ አዳልን በ1873 ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ብለው ያነገሡት እሳቸው፣ ምኒልክም የሳቸው ገባር፣ ሁለቱ የሚፋጁት ደግሞ ከዓባይ ወዲያ ላለው ለወርቁ፣ ለዝሆን ጥርሱ፣ ለዝባዱና ለቡናው መንገድ። ሁለት ገባር ንጉሥ ሳያስፈቅዱ ሲዋጉ ዐፄው ምን አደረጉ? ሁለቱንም ቀጡ። ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። የተማረኩትም ንጉሥ ተለቀው ተመለሱ።

ስለዚህ ሦስተኛ ተጫዋች አስቀምጡ። ጦር የለውም፣ ዳይስ አይጥልም፣ የጎን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ጨዋታው ሲያልቅ ከሁለቱም አንዳንድ አገር ይነጥቃል፣ የትኛውን እንደሚነጥቅ ራሱ ነው የሚወስነው። የጎጃም ተጫዋች በጦሩ ተሸንፎ በፍርዱ ሊያተርፍ ይችላል። ሸዋም ድሉ ከበዛበት ዐፄው ይፈሩታልና የበለጠ ይነጠቃል፣ ስለዚህ እንደልቡ አያሳድድም።

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
ኧረ ይኸስ ለብቻው ጨዋታ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ማን ይሁን?

አባ_ዳይስ፦
ባለ ከረንቡላው ይሁን፣ መቼም ተቀምጦ ነው የሚውል

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
(ከእሁድ በኋላ)
እሺ ተጫወትነው። ባጭሩ ልበል ብየ ነበር ግን አይቻልም።

በጣና ዳር ምክር ወረራውን አስገባን፣ ጎጃምን እኔና የቡሬው ልጅ (ከቡሬ ድረስ መጣ፣ እግዜር ይስጠው) ሸዋን አባ ዳይስና ሌላ ልጅ። አሰላለፉ ላይ አስር ደቂቃ ያህል የስምንት እጅ ትርምስ ነበር፣ አባ ዳይስ ፈረሰኛውን ግራችን ላይ ሲያከማች አይቼ ደጀኑን ሳዞር እሱ መልሶ ወደ ቀኝ አዞረ፣ እኔ ስመልስ አንዱ ልጅ ተኮሰና ወረራው አለቀ፣ ደጀኔ መሀል ሜዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቀረ። ነጋሪቱ የሚሰማው እስከ 30 ሴንቲ ነው ብለን ስለነበር ንጉሡ ሊያዙት አልቻሉም፣ ርቋቸዋል።

ከዛ የጎበና ፈረስ መጣ። ሬሚንግተን የያዙት ቆርኪዎቻችን አንድ ጊዜ ተኩሰው ጥሩ አመጡ፣ ሁለተኛውን ሳይደግሙ ደረሰባቸው። ንጉሡ ከነለምዳቸው ተያዙ። ሁሌ ጨዋታው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ግን ካርዱ ወጣ፣ አራት ሹም ነበረን። አማቹ 4 አመጣ፣ ተዋጋ። ቂመኛው 1 አመጣ፣ አልገባም ግን ጭፍራውን ይዞ ወደ ዓባይ ሄደልህ፣ ዞር ብሎም አላየ። ያ አምና የሸፈተው፣ የቡሬው ልጅ ሲፈራው የነበረው፣ 6! ቤቱ ጮኸ፣ ከረንቡላ የሚጫወቱት ሁሉ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ይኸ ሰውየ ብቻውን ዳገቷ ላይ ቁሞ ፈረሰኛውን ሁለት ተራ ሙሉ ያዘው፣ በዛ መሀል ግማሹ ጦራችን መሻገሪያው ጋ ደረሰ። አራተኛው ሹም ገባ፣ ስሙን አንጠራም።

የቡሬው_ልጅ፦
ሽፍታው ሲቆም እኔ ራሴ እንባየ መጣ፣ ቆርኪ ነው እኮ!

አባ_ዳይስ፦
አሁን ፍርዱን አውራ ቆርኪ። አውራው።

ቆርኪ_ዘማርቆስ፦
ዐፄው ፈረዱ ነዋ። ከሸዋ ወሎንም ሌላም ጨምረው ነጠቁ፣ ከጎጃም አገው ምድርን ብቻ። በነጥብ ጎጃም አሸነፈ።

አባ_ዳይስ፦
ማኪያቶውስ??? ጓዶች ስሙኝ፣ ይኸ ሰውየ በጨዋታው መሀል ተነስቶ ለዐፄ ዮሐንስ ማኪያቶ ገዛ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ስኳር ጨምሮ አማስሎ ነው ያቀረበላቸው። ፍርዱ ይሻር፣ ሕጉም ላይ ለዳኛ ምንም ነገር መግዛት ክልክል ነው ተብሎ ይጻፍልኝ

ጣና_ዳር፦
😂😂😂 ስኳሩ ነው ያሳበቀበት

መምህር_ጠመኔ፦
አባ ዳይስ፣ አልፈርድልህም። ገባር ንጉሥ ለንጉሠ ነገሥቱ ግብርና እጅ መንሻ መላክ ያለበት ነው፣ ያልላከ ነው የሚጠረጠር። እንዲያውም ሕጉ ላይ ይግባ እላለሁ፦ በየጨዋታው አንድ አንድ እጅ መንሻ ይፈቀዳል፣ ዐፄው ግን ተቀብለውም እንደፈለጉ መፍረድ ይችላሉ።

አባ_ዳይስ፦
እንደሱ ከሆነ በሚቀጥለው እሁድም ሸዋ እኔ ነኝ፣ ክትፎ ይዤ ነው የምመጣው

የቡሬው_ልጅ፦
የሰኔ ጾም እኮ ይገባል ወንድሜ፣ ዐፄው ደግሞ አጥባቂ ናቸው፣ ያንን ይዘህ ከመጣህ ሸዋንም ነው የሚነጥቁህ

አባ_ዳይስ፦
ሽሮ በስንት ብር ነው የሚሸጠው እዛ ሰፈር?